የዘይት መለኪያው

መኪናዋ በጎኗ ተኝታለች።

ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ገደሉ አፍ። ሁለት ባሕር ዛፎች ባይዟት ኖሮ ታች ወንዝ ትገባ ነበር። የጫነችው የግንብ ድንጋይ ተበትኗል። የፊት መስታወቷ የለም። ሾፌሯን ከሥሯ ስበው ያወጡት ሰዎች ደም የነካውን ጋቢ እዚያው ጥለውት ሄደዋል።

ሾፌሩ ሣህሌ አልሞተም። ግራ እግሩ ግን ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት 13 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ዳገቱ መሐል ሞተሩ ነከሰ። ዘይት ያጣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ቀጥ አለ። ሣህሌ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ ፍሬን ያዘ። ድንጋይ የጫነች አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ፍሬን አትሰማም። ወደ ኋላ ወረደች።

የመቶ አለቃ ኢቲቻ ፈዬራ ቦታው የደረሰው ቅዳሜ ነው። መዘግየቱ አሳፍሮታል። ጥፋተኛውን ሐሙስ ዕለት አስሮ፣ ነገሩን ጨርሻለሁ ብሎ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የታሰረው ቱሉ ይባላል። ኮተቤ መንገድ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለው። ረቡዕ ከቀትር በፊት የመኪናዋን ዘይት የቀየረው እሱ ነው። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ኮፈኗን ከፍቶ ሲጎረጉር የታየውም እሱ ነው።

አየሁት ያሉት አቶ ከበበ ናቸው። መኪናዋ የምታድረው የካ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ድሮ ራሳቸው ነበሩ የሚነዷት። ከስድስት ዓመት በፊት ዳሌያቸው ተሰበረና መሪውን ላስተማሩት ለሣህሌ ለቀው፣ ግቢያቸው በር ላይ ላምባ መሸጥ ያዙ። የሣህሌን ልጅ ክርስትና ያነሡትም እሳቸው ናቸው፤ አበልጁ ናቸው።

ሣህሌ ደግሞ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ቃሉን ሰጥቷል። «ከመነሣቴ በፊት ዘይቱን በመለኪያው አይቻለሁ። ሙሉ ነበር።»

ሙሉ የነበረ ዘይት መንገድ ላይ ካለቀ ፈሷል። ከፈሰሰ ደግሞ ከታች ያለውን ቡሎን ቱሉ ወይ አላጠበቀውም፣ ወይ ጎህ ሲቀድ አላልቶታል። ከበቅሎ በቀር ምንም ነድቶ ለማያውቀው ኢቲቻ ይህ ቆንጆ ማስረጃ መሰለው።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሣው። ቱሉ ሁለት ቀን ሙሉ አላለቀሰም፣ አልማለም፣ አማላጅ አልላከም። የምግብ ሳህኑን በተቀበለ ቁጥር አንድ ቃል ብቻ ይናገራል።

«ሆዷን እዩት።»

ኢቲቻ ሊያየው መጣ።

ተንበረከከ። መካኒኮች ኮፓ የሚሉት፣ ዘይቱን የሚይዘው ድስት መሰል ብረት ወደ እሱ ዞሯል። መሐሉ ላይ አንድ ቡሎን አለ። ሊያዞረው ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም። ቡሎኑንና ኮፓውን አቋርጦ ቀጭን ነጭ ቀለም ተሰምሯል። መስመሩ አልተሰበረም። ቡሎኑ ከተሰመረ በኋላ ትንሽ እንኳ ዞሮ ቢሆን መስመሩ ከሁለት ይከፈል ነበር።

ከሞተሩ ሥር ሣሩ ላይ ጥቁር ዘይት ፈሷል። ተለቅሞ አንድ ጣሳ ቢሞላ ነው።

ኢቲቻ ተነሣና መንገዱን በእግሩ ወረደው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ከመታጠፊያው እስከ የካ። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል፤ አቧራው የጠጣውን ዘይት አይደብቅም። ከታች የሚወጡ ሴቶች «ጌታው፣ ምን ጠፋብዎት?» አሉት። «ዘይት» አላቸው። ሳቁበት።

አንዲት ጠብታ አላገኘም።

ጣቢያው ሲደርስ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል። ዘበኛው ዓምደ ሚካኤል ሻይ ሊያፈላ ከላምባ ምድጃው ጋር ይታገላል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምድጃው አይደለም ጌታዬ፣ ላምባው ነው። ከዐርብ ጀምሮ እንዲህ ያጨሳል። ሰፈሩ ሁሉ እያማረረ ነው።»

ኢቲቻ ጆሮ አልሰጠውም። ቱሉን አስጠራ።

«ሆዷን አየሁት።»

«መስመሩስ?»

«አልተሰበረም። የማን ነው?»

«የኔ ነው። ያጠበቅሁት ቡሎን ላይ ሁሉ አሰምራለሁ። ሌላ ሰው ነካክቶ በኔ እንዳያላክክ።»

«ለምን ሐሙስ ዕለት አልነገርከኝም?»

«ሐሙስ ዕለት እርስዎ ይጮሁ ነበር።»

ኢቲቻ ዋጥ አደረገው። እውነት ነው፣ ጮኾ ነበር።

«ጎህ ሲቀድ ግቢው ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«የቡሎን መፍቻ ቁልፌን ሞተሩ ላይ ረስቼ ነበር። ደንበኛ ሳይመጣብኝ ላንሣው ብዬ ማልጄ ሄድኩ። አቶ ከበበ ራሳቸው በር ከፈቱልኝ። አንሥቼ ወጣሁ።»

«እሳቸው ናቸው የከፈቱልህ?»

«ታዲያ በአጥር ልዝለል?»

ኢቲቻ ብዕሩን አስቀመጠ። ከበበ «ሲጎረጉር አየሁት» አሉ እንጂ «በር ከፈትኩለት» አላሉም።

«እሺ ቱሉ። ዘይት ለመለወጥ ስንት መንገድ አለ?»

«ሁለት። የሠራተኛና የሰነፍ።»

«የሠራተኛውን ንገረኝ።»

«ሞተሩን ታሞቃለህ። ሥሯ ትገባለህ። ቡሎኑን ትፈታለህ። ዘይቱ ከነቆሻሻው ግልብጥ ይላል። ጀርባህ መሬት ይነካል፣ ፊትህ ይጠቁራል፣ ሞተሩ ግን ይጸዳል።»

«የሰነፉስ?»

«ከላይ ነው። የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ትመዝና በቀዳዳዋ ቀጭን ጎማ ትሰዳለህ። በእጅ ፖምፓ ትስባለህ። ልብስህ አይቆሽሽም። ግን ጎማው ወለሉን ሙልጭ አድርጎ አይልሰውም፤ ጭቃውና አንድ ጣሳ የሚሆን ዘይት ከታች ይቀራል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሰው…»

ኢቲቻ አቋረጠው። «ሣሩ ላይ የፈሰሰችውም አንድ ጣሳ ናት» አለው።

«ከላይ ነው የቀዱት» አለ ቱሉ ቀስ ብሎ። «ሜዳ ላይ ያቺ ቅሪት ትንሽ ታስኬድ ነበር። ዳገት ሲሆን ግን ወደ ኋላ ትሸሻለች። ሞተሩ ደርቆ ይቀራል።»

«አንተስ ከላይ ልትቀዳው አትችልም ነበር? ጎህ ሲቀድ?»

«በጥቅምት ብርድ? የቀዘቀዘ ዘይት በጎማ?» ቱሉ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይሞክሩታ።»

ሰኞ ጠዋት ሞከሩት። ኢቲቻ እስረኛውን ይዞ ኮተቤ ወረደ። ጋራዡ በር ላይ ሁለት መኪኖች አቆሙ። አንዷ እዚያው ያደረች፣ በጤዛ የራሰች። ሌላዋ ከላይ ከታች ስትመላለስ ቆይታ ኮፈኗ የሚፋጅ። ኮተቤ ካለ አንድ ላምባ ሻጭ የእጅ ፖምፓ ተዋሱ።

ያደረችው ላይ ኢቲቻ ራሱ ፖምፓውን ያዘ። ሳበ፣ ሳበ። ጎማው እንደ አዛውንት ጉንጭ ወደ ውስጥ ገባ። ሩብ ሰዓት ደክሞ ያገኘው አንድ ስኒ አይሞላም። የሞቀችው ላይ ግን ዘይቱ እየተንዠቀዠቀ መጣ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮፓው ውስጥ የቀረው ያቺው አንድ ጣሳ ነበር።

«ስለዚህ ጎህ ሲቀድ የተደረገ አይደለም» አለ ኢቲቻ ላቡን እየጠረገ።

«አይደለም። ረቡዕ፣ መኪናዋ እንደገባች፣ ሞተሩ ሳይበርድ ነው።»

ቱሉ ፖምፓውን በቤንዚን ያጥብ ጀመር። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ።

«አሁን ምን አደከመህ? የተዋስነው ዕቃ ነው።»

«ሳላጥበው ብመልሰው ላምባው ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ የሰፈሩ ምድጃ ሁሉ ያጨሳል።»

ኢቲቻ ጋራዡ በር ላይ ደንዝዞ ቆመ። ከዐርብ ጀምሮ። ጣቢያው ላምባ የሚገዛው ከማን እንደሆነ ዓምደ ሚካኤልን መጠየቅ አላስፈለገውም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሣህሌ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። ሚስቱ ፈትለወርቅ ሥሩ ተቀምጣለች። ሁለት ነጫጭ ድስቶች አልጋው አጠገብ ተደርድረዋል።

«አበልጃችን ነው ያመጣው» አለች ፈትለወርቅ። «በዚያ እግሩ እየተጎተተ በየቀኑ ይመጣል። ከእናት የወጣ ወንድም እንዲህ አያደርግም።»

ኢቲቻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሣህሌ፣ ዋሽተኸኛል።»

ሣህሌ ዓይኑን ከጣሪያው አላነሣም።

«ሐሙስ ጠዋት ዘይቱ ሙሉ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ላይ ጠብታ አገኝ ነበር። ቡሎኑ አልተነካም። ዘይቱ ያለቀው ከመነሣትህ በፊት ነው። መለኪያዋን አላየሃትም።»

«ሾፌር ነኝ፣ የመቶ አለቃ። ዘይቱን ሳያይ የተነሣ ሾፌር ልባል?»

«እግርህ ተቆርጦ ስለ ስምህ ታስባለህ?»

«እግሬማ ሄደ። የቀረኝ ስሜ ነው።»

«ለስምህ ብለህ ግን ሰው አሳስረሃል።»

ይህ ነካው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወደዚያው እንደዞረ ተናገረ።

«አበልጄ ናቸው የሚያዩልኝ። ሁልጊዜ። እኔ የካ ሚካኤልን ተሳልሜ እስክመለስ እሳቸው ውሃና ዘይት አይተው ይጠብቁኛል። ‹ሙሉ ነው፤ በስመ ሥላሴ ብለህ ንዳ› ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። መሪ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ከሳቸው በኋላ ደግሜ አያለሁ? ስድብ ይሆናል።»

«ሐሙስ ጠዋትስ ምን አሉህ?»

«ሙሉ ነው አሉኝ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ሰማው። ፈትለወርቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ረቡዕ ስንት ሰዓት ገባህ?»

«አሥር ሰዓት። የሚካኤል ማኅበር ተራው የሳቸው ነበር። መኪናዋን እንደጋለች አቁሜ በቀጥታ ማኅበርተኛው መሐል ገባሁ።»

«እሳቸውስ አብረዋችሁ ተቀመጡ?»

«ደጋሽ ይቀመጣል እንዴ? ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ጠላ ሊጨምሩ…» ቆም አለ። «የላምባ ፖምፓው ውጭ ሲንቋረር ሰምተናል። ‹ከበበ በሚካኤል ቀን እንኳ ሱቁን አይዘጋም› ብለን ስቀንበታል። እኔም ስቄአለሁ።»

እግሩን ሲቆርጡት ያልወጣ እንባ ያን ጊዜ ወጣ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኢቲቻ የመኪናዋን ባለቤት ወይዘሮ የማርያምወርቅን አነጋገረ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው።

«አቶ ከበበ መሪውን መልሽልኝ ብለውዎት ያውቃሉ?»

«ማን ነገረህ?» አሉ ሴትዮዋ። «መስቀል እንዳለፈ መጥቶ ነበር። ‹ዳሌዬ ተሽሎኛል፤ ሥሯ መግባት ቢያቅተኝ መቀመጥና መንዳት አያቅተኝም› አለኝ። ‹ሣህሌን ምን በደለኝ ብዬ አወርደዋለሁ? ሞተር አላቃጠለብኝ› አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ። ምነው?»

ኢቲቻ አመስግኗቸው ወጣ። ሥሯ መግባት ያልቻለ ሰው የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከላይ። ሞተር የማቃጠሉንም ሐሳብ ከበበ ከወይዘሮዋ አፍ ነው ያገኙት።

በምሳ ሰዓት ከበበ ድስቱን ይዘው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ የሣህሌ ሆስፒታል ክፍል ገቡ። ኢቲቻን ሲያዩ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

«ሣህሌ እንዴት አደረ?» አሏት ፈትለወርቅን። «የክርስትና ልጄን ወልደ ኢየሱስን ነገ ይዤው ልምጣ?»

ፈትለወርቅ ድስቱን አልተቀበለቻቸውም። ሣህሌ ልጠይቅ ብሎ ኢቲቻን አስቀድሞ ለምኗል።

«አበልጄ፣ ሐሙስ ጠዋት ዘይቱን አይተውልኝ ነበር?»

ከበበ ወደ ኢቲቻ ገልመጥ አሉ።

«ምን ነካህ ልጄ? አንተ ራስህ አይተኸዋል። ለፖሊስም እንደዚያ ብለሃል።»

«አፍሬ ነው እንደዚያ ያልኩት። እርስዎ ያውቃሉ።»

«እኔ የማውቀው አንተ ያልከውን ነው።»

ሣህሌ ዓይኑን ጨፈነ። ሊሸሽግበት የዋሸው ውሸት አሁን የሌላ ሰው መሸሸጊያ ሆኗል።

በሩ ተከፈተ። ዓምደ ሚካኤል ትልቅ የላምባ ቆርቆሮ አቅፎ ገባ። ከበበ ወደ ሆስፒታል ሲወጡ ጠብቆ ሱቃቸውን ፈትሾ ነው የመጣው።

«ከጓሮ፣ ከጆንያ ሥር ነው ያገኘሁት ጌታዬ። እስከ አፉ ዘይት ነው።»

ኢቲቻ ቆርቆሮውን አየ፤ ከበበን ግን አላየም።

«ቆሻሻ ነው። ወስደህ ድፋው።»

ዓምደ ሚካኤል ወደ በሩ ዞረ።

«ኧረ ተው!» አሉ ከበበ። «አዲስ ዘይት እንዴት ይደፋል!»

ከሃያ ዓመት በላይ ሞተር ዘይት ያጠጣ እጅ ነው የተናገረው፤ አፉ ቀድሞ ቢያስብበት ኖሮ ባልተናገረ። ቢደፉትማ ኖሮ ማስረጃው ረቡዕ ዕለት በጠፋ ነበር። አዲስ ዘይት መድፋት ግን የሾፌር አንጀት አይችልም።

«አዲስ መሆኑን እንዴት አወቁ?» አለ ኢቲቻ። «ቆርቆሮው ክዳኑ ተዘግቷል።»

ከበበ ድስቱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። አልጋው ጫፍ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ፈትለወርቅ ተነሥታ ቆመችበት። ግድግዳውን ተደገፉ።

«መሪው የኔ ነበር» አሉ። «ከጣሊያን ወዲህ የኔ ነበር። ሰፈሩ ‹የከበበ መኪና› ነበር የሚላት። አሁን ‹የሣህሌ መኪና› አሏት። በየቀኑ ጠዋት በሬን ከፍቼ ‹ንዳ› እላለሁ፣ ከዚያ ላምባ እሸጣለሁ። ሞተር ያቃጠለ ሾፌር ከተባለ ሴትዮዋ ታወርደዋለች አልኩ። እንጂ እኔ…» ወደ ሣህሌ ዞሩ። «ሐሙስ የኮተቤ ቀንህ ነው። ሜዳ ነው። ቀስ ብላ ትቆማለች፣ አንተም ወርደህ ትሰድባታለህ፣ ሌላ ምንም አይሆንም ብዬ ነው። ገደሉን አላሰብኩም ልጄ። በሚካኤል እምላለሁ፣ ገደሉን አላሰብኩም።»

ኢቲቻ ላንድ አፍታ አመናቸው። ፈትለወርቅም ሳታምናቸው አልቀረችም።

ሣህሌ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

«ሐሙስ ከሚካኤል ስመለስ ምን አልኩህ?»

ከበበ ደነገጡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሣህሌ አንተ ብሏቸው አያውቅም።

«ምን አልኩህ? በሩ ላይ። እጅህ ውስጥ መለኪያዋ ነበረች።»

ከበበ እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«‹አበልጄ፣ ዛሬ ኮተቤ ቀርቷል። ድንጋይ ጭኜ እንጦጦ ነኝ› አልኩህ። መለኪያዋን አየሃት። በጨርቅህ ጠረግሃት። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ ነው ያልከኝ።»

ከበበ ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። ዓምደ ሚካኤል ቆርቆሮውን አስቀምጦ እጃቸውን ያዘ። ሲወጡ በኮሪደሩ ላይ የእግራቸው ኮቴ ይሰማ ነበር፤ አንዱ ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል። ፈትለወርቅ ሦስቱን ድስት አንሥታ ወጣችና ባዶ እጇን ተመለሰች።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አለች። «ልጁ የክርስትና አባቴስ ሲለኝ ምን እለዋለሁ?»



ቱሉ የዚያኑ ዕለት ተፈታ። በማግሥቱ ሆስፒታል መጣ። አምስት ቀን ያሰረው ውሸት የማን እንደሆነ ኢቲቻ ነግሮታል። አልጋው አጠገብ ቆመ፤ ተቀመጥ እስኪሉት አልጠበቀም፣ ተቀመጥ ሲሉትም አልተቀመጠም።

«ቱሉ፣ በድዬሃለሁ» አለ ሣህሌ።

«በድለኸኛል።»

ቱሉ ከካፖርቱ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀጭን ነገር አውጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ አኖረው። ጠዋት መኪናዋን ከሚጎትቱት ሰዎች ጋር ሄዶ፣ ከመውጣቷ በፊት ከሞተሯ የመዘዛት ናት። የዘይት መለኪያዋ።

«ባለቤቲቱ አዲስ ሞተር ልግጠምላት ብለዋል። ይህቺን አንተ ያዛት ብዬ ነው» አለና ሄደ።

ሣህሌ ጋዜጣውን ፈታ። ጫፏን በአንሶላው ጠረገ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ አያት።